በፋሲካ ምን በሉ?

ካዛንቺስ ውስጥ ጥሩዬ ኃይለገብርኤልን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ደሙን ተመርምሮ አያውቅም፣ ወይ ሰፈሩን ከረገጠ ሳምንት አልሞላውም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ላቦራቶሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስታይ ኖራለች። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ እንኳ ደንበኞቿ አልተዋትም። ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። እዚያ አጠገባችሁ ላቦራቶሪ የለም ወይ ስትላቸው፣ አለ፣ አንቺ ግን የለሽበትም ይሏታል። ደስ ይላታል። ትሕትና ላይ ብዙም አይደለችም፤ የምታውቀውን አውቃለሁ ማለት ምኑ ነውር ነው ባይ ናት።

ዛሬ የደም ምርመራ የማሽን ነገር ሆኗል። ማሽኑ ጠብታዋን ይመጥጥና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ምናምን ቁጥር ያወጣል፤ ከልኩ ያነሰው አጠገብ ኤል፣ ከልኩ የበለጠው አጠገብ ኤች የሚል ፊደል ይለጥፋል። አብራት የምትሠራው ሂባ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ማሽኑን ታምነዋለች፤ አዲስ ነው፣ በቃ፣ የሚለውን ብሎ የለ ትላለች። ጥሩዬ ግን ማሽን ይቆጥራል እንጂ አያይም ብላ ድርቅ ትላለች። አንድ ቁጥር ዐይኗን ከቆረቆራት ደሙን መስታወት ላይ ቀብታ፣ ቀለም ነክራ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ድፍት ትላለች። ያኔ ምሳ አትጥሯት።

ቤቷ ቂርቆስ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዱ ከኮቱ፣ አንዷ ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ ወረቀት መዘዝ አድርገው መንገድ ላይ ያቆሟታል። ሰዉ ፊደሏን ማንበብ ተምሯል፤ የተማረው ግን ያችኑ ብቻ ነው። ኤል ያየ ደሜ አልቋል ብሎ የቀይ ሥር ጭማቂ ሲያንቆረቁር ይከርማል። ኤች ያየ ደሜ በዛ ብሎ ሥጋ ያቆማል፤ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች የጤነኛው ሰው ደም እንኳ ከቆላው ሰው በለጥ እንደሚል የነገረው የለም። ጥሩዬ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥሎ ታስረዳለች። ሁልጊዜ የምትናገረው ያንኑ የታክሲ ነገር ነው።

ጠዋት ሜክሲኮ ቆማችሁ ታውቃላችሁ አይደል ትላለች። ቀዩ የደም ሴል ታክሲ ነው በሉ። ሦስት ነገር ነው የሚጠየቀው፤ ስንት ታክሲ መጣ፣ አንዱ ታክሲ ስፋቱ ምን ያህል ነው፣ በጠቅላላው ስንት ሰው ተጫነ። ወረቀቱ ላይ የሴሉ ብዛት የሚለው የታክሲው ቁጥር ነው፤ ኤም ሲ ቪ የሚለው ስፋቱ ነው፤ ሄሞግሎቢን የሚለው የተጫነው ሰው ነው። ሰውነት ብረት ሲያጣ ታክሲው ሁሉ ባጃጅ ይሆናል፣ ያውም ግማሹ ባዶ። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ታክሲው ጥቂት፣ አንዱ አንዱ ግን እንደ ሃይገር አውቶቡስ ያበጠ። በሁለቱም ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፣ በሁለቱም ደም ማነስ ይባላል። መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ አነሰ በዛ ከማለታችሁ በፊት ስፋቱን እዩ ትላለች።

ይህን ሁሉ ሰው የምታስተምረው ጥሩዬ፣ ባለፈው ግንቦት እሷው ራሷ ስፋቱን ሳታይ ያለፈችው ወረቀት እጇ ገባ።

ወረቀቱ የወይዘሮ ጦቢያ ነበር። ወይዘሮ ጦቢያ ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። በየካቲት ድካም ጥሏቸው፣ ፊታቸው ገርጥቶ ወደ ክሊኒኩ መጥተው ነበር። ደም ማነስ ነው ተብለው ብረትና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ ያለበት ክኒን ታዘዘላቸው። ያን ሳያስታጉሉ ዋጡ። ፊታቸውም መለስ አለ፣ ድካሙም ቀለል አለ። እግራቸው ግን ከዳቸው። የስፌት መኪናውን መርገጫ ሲረግጡ፣ ጎንበስ ብለው በዐይናቸው ካላዩ መርገጣቸውን አያውቁትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት። ግንቦት ላይ አንድ ክምር ዩኒፎርም አበላሽተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን በቀን ዘጉት። እግሬ ካልሠራ ምን ይዤ ልኖር ነው ብለው ለልጃቸው አለቀሱ።

ልጃቸው ዮሃና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። የዚያን ቀን ፈቃድ ወስዳ እናቷን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወጣቻቸው። ወይዘሮ ጦቢያ አንዱን ደረጃ ሲረግጡ እግራቸውን በዐይናቸው እየተከተሉ ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ቢቂላ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ፣ ችኩልም አይደለም። ሠላሳ ዓመት ጎብጦ የሰፋ ወገብ ዲስኩ ቢንሸራተት አይገርምም ብሎ አሰበ። የጀርባ አጥንት ምስል ሊያዝና ወደ ቀዶ ሐኪም ሊልካቸው ወረቀቱን ይዞ፣ ለመሆኑ ደሙስ እንዴት ሆነ ብሎ ለማነጻጸር ያህል ወደ ጥሩዬ ላካቸው።

ማሽኑ ቁጥሩን አወጣ። የካቲት ላይ ሰባት ነጥብ ስድስት የነበረው ሄሞግሎቢን አሥር ነጥብ ስምንት ገብቷል። ሂባ ደስ አላት፤ ማለቴ፣ በሦስት ወር ይሄን ያህል፣ ምርጥ ነው አለች። ጥሩዬም ልትደሰት ስትል ዐይኗ ወደ ስፋቱ ወረደ። መቶ አሥር ይላል። የጤነኛው ሰው መቶን ብዙ አያልፍም። የተጫነው ሰው በዝቷል፣ ታክሲዎቹ ግን ዛሬም አውቶቡስ ናቸው። ደሙን መስታወት ላይ ቀባችና ድፍት አለች።

ሴሎቹ ትላልቅ ናቸው፤ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንደ እንቁላል ሞለል ብለዋል። አንድ ነጭ የደም ሴል አገኘች። በደህናው ጊዜ እምብርቱ ሦስት አራት ቦታ የሚከፈለው፣ ስድስት ቦታ ተከፋፍሏል። ሌላ አገኘች፣ እሱም ስድስት። ጥሩዬ ይህን መልክ ታውቀዋለች። ይህ የብረት ነገር አይደለም። ሴሉ በወጉ ለመከፈል የሚያስፈልገውን አጥቷል ማለት ነው፤ ያም ወይ ፎሊክ አሲድ ነው፣ ወይ ቢ ትዌልቭ የሚባለው ቫይታሚን። ፎሊኩን ሦስት ወር ሲውጡት ከርመዋል። የቀረው ቢ ትዌልቭ ነው። እሱ ደግሞ የደም ብቻ አይደለም፣ የነርቭም ጠባቂ ነው። እሱ ጎድሎ ፎሊክ ብቻ ሲሰጥ ደሙ ይጠገንና ነርቩ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ወረቀቱ እየዳነ ሴትዮዋ እየባሰባቸው ነበር።

ወዲያው የየካቲቱን ውጤት አወጣችው። ኤም ሲ ቪ፣ መቶ አሥራ ስምንት፣ ኤች። ታች፣ ያየው ባለሙያ ከሚለው ጎን የራሷ ፊርማ። መስታወት የለም፣ ማስታወሻ የለም። ቀኑን አስታወሰችው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ከሰዓት ነበር የመጣው፤ አርባ ናሙና ተደርድሮ ይጠብቃታል፣ እሷ ደግሞ ጎረቤት ሞቶባት ለቀብሩ ልትደርስ ትቻኮላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እሷ ያፈሰሰችው የሰው እግር ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ ያየችው ሂባ ቀረብ ብላ ወረቀቱን አየች። አብሽሪ፣ ማንም ልብ አይለውም አለቻት። ጥሩዬ ግን ሁለቱን ወረቀት ይዛ ተነሳች።

ለዶክተር ቢቂላ ቆማ ነው የነገረችው። መስታወቱን በየካቲት ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁትም፣ ስህተቱ የእኔ ነው አለችው። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከዚያ የእሱንም ተናገረ፤ እሱም ዛሬ የወገቡን ነገር ይዞ ኤም ሲ ቪውን ሊያልፈው ነበር። ምግባቸውን ጠይቄያለሁ፣ እንደ ሰው እጾማለሁ ነው ያሉኝ አላት። እንደ ሰው የጾመ ደግሞ ሲፈስክ ይበላል፤ ይህ ቫይታሚን ጉበት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቀመጥ በተራው ጾም አያልቅም። እንግዲህ ጨጓራቸው አልቀበልም ብሎ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ነርቩ እንዲህ ብዙ ከቆየ እንደማይመለስም አልሸሸጋትም።

ጥሩዬ እስቲ አንድ ጊዜ እኔ ላናግራቸው አለችው። እዚህ አገር ትጾማላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ትተነፍሳላችሁ ወይ እንደማለት መሆኑን ታውቃለች። ሁሉም አዎ ይላል፣ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ስትመለስ እናትና ልጅ ደም መቅጃው ክፍል ተቀምጠዋል። ዮሃና ከሥር ካለው ካፌ ለራሷ ማኪያቶ፣ ለእናቷ ጥቁር ሻይ አስመጥታለች። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ እንኳ የማይጾምበት፣ ያጣ ካልሆነ ማንም ሽሮ የማይቀምስበት ወር። ጥሩዬ ሻዩን አየችው። ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ጦቢያ፣ በፋሲካ ምን በሉ?»

«ዶሮ ነዋ፣ እንደ ሰው» አሉ፣ ዐይናቸውን ከብርጭቆው ሳያነሱ።

ዮሃና ሳቀች። እማዬን ተያት፣ ዶሮውን ሠርታ ለእኛ ታቀርብና እሷ ሽታው አጠገበኝ ትላለች አለች። ወተትስ? ወተት አይስማማትም። እንቁላልስ? እንቁላል ትጠየፋለች። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጥሩዬ ስትጠይቃት፣ ዮሃና አሰብ አደረገችና እኔ ከታመምኩ ወዲህ መሰለኝ አለች። ይህን ብላ ሳቋ ቆመ።

ወይዘሮ ጦቢያ ልጃቸውን ከታች ካርዴን አምጪልኝ አሏት። ዮሃና ንቅንቅ አላለችም። እናትየው አፋቸውን ገጥመው ቁጭ አሉ። ጥሩዬ የሰው አፍ በጉልበት እንደማይከፈት ስለምታውቅ የራሷን ከፈተች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኔ የደበቅኩትን ልንገርዎት» አለቻቸው። የየካቲቱን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግታ ፊርማዋን በጣቷ አሳየቻቸው። ያን ቀን ቸኩዬ ሳላይ ፈረምኩ፣ ባየው ኖሮ ያኔውኑ በታወቀ ነበር፣ ሦስት ወር እግርዎን የበላሁት እኔ ነኝ አለች። 

ወይዘሮ ጦቢያ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዮሃና በማጅራት ገትር ተይዛ አሥራ አንድ ቀን ራሷን ሳታውቅ ተኝታ ነበር። በአሥረኛው ቀን ወይዘሮ ጦቢያ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ልጄን ብታተርፍልኝ እስክሞት ፍስክ አልቀምስም ብለው ተሳሉ። በማግስቱ ልጅቷ ዐይኗን ገለጠች። ከዚያ ወዲህ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም አልነኩም። ለማንም አልተናገሩም። ጾም በስውር ነው፤ ደግሞስ ልጄ በእኔ የተነሳ ነው እያለች እንዴት ጉሮሮዋ ይከፈታል? ስለዚህ አይስማማኝም፣ እጠየፋለሁ እያሉ ዘጠኝ ፋሲካ አለፉ።

ዮሃና ማኪያቶዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስበላ እያየሽኝ ነበር?» አለች።

«አንቺን እያየሁ እኮ ነው የምጠግበው» አሏት እናቷ።

ልጅቷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ጥሩዬ መፍትሔው የተገኘ መስሏት ነበር፤ ዋናው ገና ነው። ወይዘሮ ጦቢያ እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ። እግሬን ይውሰደው አሉ። ልጄን ሰጥቶኛል፣ የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፣ ስእለቴን አፍርሼ በልጄ ላይ አንድ ነገር ቢመጣስ አሉ። ይህን ሲሉ ሴትዮዋ ረጋ እንዳሉ ነው፤ የጥሩዬን ልብ ያራደውም እሱ ነው። እናት እንዲህ ስትል የሚመልሳት ጉልበት የለም።

ጥሩዬ ግን እጇን አልሰጠችም። ስእለቱ የእርስዎና የሰማዩ ነው፣ እኔ እዚያ አልገባም አለቻቸው። እኔ የማውቀው ደሙን ነው። ይበሉ የምልዎት ሥጋ የለም፣ ይጠጡ የምልዎት ወተት የለም። መድኃኒቱ መርፌ ነው። ከከብትም ከበግም የተወሰደ አይደለም፣ በዐይን የማይታዩ ተህዋስያን ናቸው የሚሠሩት፤ እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካው ማለት ነው። ጾምዎን ይጹሙ፣ መርፌዎን ይወጉ፤ እስከጾሙ ድረስ ግን መርፌው አይቀርም አለቻቸው።

ወይዘሮ ጦቢያ የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አይሆንም አሉ። መቼ ይጠይቃሉ ስትላቸው እሑድ አሉ። ጥሩዬ እግርዎ እሑድ አይጠብቅም ብላ ዮሃናን ስልክሽን አውጪ አለቻት። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደአረጋይ ስልኩን አነሱ። ወይዘሮ ጦቢያ ጠጋ ብለው ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው፤ አንዴ ከጀመሩ አንዲት አላስቀሩም።  ከዚያ ሽማግሌው፣ መድኃኒት ድግስ አይደለም፣ አሁኑኑ ተወጊ አሉ። ቀጥለውም፣ እኔን ሳትጠይቂ ስለተሳልሽው ግን ነገ መጥተሽ እንነጋገራለን፣ ለዘጠኝ ዓመት የሚሆን ወሬ አለን አሉ። ጥሩዬ ሳቋ መጣ።

በዚያው ቀን የቫይታሚኑን መጠን ለማወቅ ደም ተቀዳ፣ የመጀመሪያው መርፌም ተወጋ። መጠኑ ሲመጣ ማሽኑ ሊለካው ከሚችለው የመጨረሻ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ነበር፤ ልኬቱ ከዚያ በታች የለም። መርፌው መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ኋላ በየሳምንቱ ሆነ። በሳምንቱ ጥሩዬ መስታወቱን ስታይ ከመቅኔ አዲስ የወጡ ጤነኛ ሴሎች ተንጋግተው ጠበቋት። ሂባን ጠራች፣ ዶክተር ቢቂላን ጠራች፣ የበሩን ጥበቃ ሳይቀር ና እይ ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰችው። ሰውዬው ምን እንዳየ እግዜር ይወቅ፣ በጣም ያምራል ብሏት ሄደ።

እግሩ ግን ዝም አለ። ደም ቶሎ ይታረቃል፣ ነርቭ ኩሩ ነው፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏል ሐኪሙ። ግንቦት አለቀ። ሰኔ ገባና ወጣ። ወይዘሮ ጦቢያ በመጡ ቁጥር ጥሩዬ ኮቴያቸውን ደረጃው ላይ ታዳምጣለች። እንዳለ ነው፣ እግሬ የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለኝ ይሏታል፤ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ አላሏትም። እሱ ነው የባሰባት። እንቅልፍ አጥታለች ብል አልዋሸሁም። የዚያን የየካቲት ወረቀት ግልባጭ ማይክሮስኮፑ ጎን ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፣ ማንም ንቀይው ቢላት አትነቅለውም። ዛሬ ስፋቱ ከመቶ ያለፈ ደም ሁሉ፣ መብራት ይጥፋ፣ ሰው ይሙት፣ ሳይታይ አይወጣም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ካዛንቺስን አንድ ጎርፍ ባደረገበት ጠዋት፣ እናትና ልጅ ጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ወይዘሮ ጦቢያ እንደ ልማዳቸው ስለ ቤተሰብ ሳይጠይቁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉ፣ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ልጃቸውን መውቀስ ጀመሩ። ለክረምት ብላ የገዛችልኝ ጫማ ጠባብ ነው፣ ከሜክሲኮ ጀምሮ ትንሿን ጣቴን ሲቆነጥጠኝ መጣ አሉ።

ጥሩዬ መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

«የትኛዋን ጣት?»

«ይቺን፣ የቀኟን» ብለው በጫማቸው ላይ አመለከቱ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ቀና ብለው ጥሩዬን አዩ፤ ጥሩዬም አየቻቸው።  ጥሩዬ እንባዋ በጋውኗ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም። ዮሃና ምን እንደሆነ ገና አልገባትም፤ እናቴ ተጎዳችብኝ ብላ ተንበርክካ ጫማውን ልታወልቅ ስትል፣ ወይዘሮ ጦቢያ እጇን ያዝ አደረጓት።

«ተይው ልጄ» አሏት። «ይቆንጥጠኝ።»